የድረ ገጽ መተግበሪያ ገጾችን በቢልድ ወቅት ከኮምፓይል ስህተት ስለ መፈተሽ የተዘጋጀ ማብራሪያ

1. የማብራሪያው ዓላማ

ተገልጋዮች ማመልከቻ የሚያቀርቡባቸው፣ ፈቃድ የሚያድሱባቸውና ክፍያ የሚፈጽሙባቸው የኢንተርኔት አገልግሎቶች በአብዛኛው የድረ ገጽ መተግበሪያዎች ናቸው። አንድ መተግበሪያ በርካታ ገጾች ያሉት ሲሆን፣ ከገጾቹ አንዱ እንኳ የኮድ ስህተት ይዞ ሥራ ላይ ከዋለ ያንን ገጽ የሚከፍተው ተገልጋይ በቅጹ ፈንታ የስህተት መልእክት ያገኛል። ስህተቱም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ገጹ በተሠራበት ቢሮ ሳይሆን በተገልጋዩ ፊት ነው። የማመልከቻው ጊዜ የሚያበቃው በዚያው ዕለት ከሆነ፣ አንዲት የጎደለች ቅንፍ አመልካቹን ዕድሉን እስከ ማሳጣት ልትደርስ ትችላለች።

ይህ ዓይነቱ ስህተት መተግበሪያው ለአገልግሎት ከመብቃቱ አስቀድሞ በመሣሪያ ሊለይ የሚችል ነው። ማብራሪያው ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ፍተሻው እንዴት እንደሚከናወን፣ ምን እንደሚይዝና ምን እንደሚያመልጠው ያስረዳል። የተዘጋጀውም ለሚከተሉት ወገኖች ነው፦

ሀ) የድረ ገጽ መተግበሪያ በውል ለሚያሠሩ ተቋማት፣ ማኅበራትና ድርጅቶች፤
ለ) መተግበሪያ ለሚሠሩና ለሚያስተዳድሩ የሶፍትዌር ባለሙያዎች፤
ሐ) በአገልግሎት ላይ የስህተት መልእክት ለሚያጋጥማቸው ተገልጋዮች።

የቴክኒክ ዝርዝሩ የማይመለከታቸው ተገልጋዮች በቀጥታ ወደ ተራ ቁጥር 9 መሄድ ይችላሉ።

2. የቃላት ትርጉም

በዚህ ማብራሪያ ውስጥ፦

"ኮምፓይል ማድረግ" ማለት ባለሙያው በፕሮግራሚንግ ቋንቋ የጻፈውን ኮድ ኮምፒውተር ሊያስፈጽመው ወደሚችል መልክ መለወጥ ማለት ነው። ሥራውን የሚያከናውነው ፕሮግራም ኮምፓይለር ይባላል።

"የኮምፓይል ስህተት" ማለት ኮምፓይለሩ ኮዱን ሊለውጠው እንዳይችል የሚያደርግ ጉድለት ነው። ያልተዘጋ ቅንፍ፣ በተሳሳተ ፊደል የተጻፈ ስም ወይም ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ ጽሑፍ መግባቱ ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ።

"ቢልድ" ማለት የመተግበሪያው ክፍሎች በሙሉ ተሰብስበው ሥራ ላይ ሊውል የሚችል አንድ ጥቅል የሚዘጋጅበት ሂደት ነው።

"ገጽ" ማለት ተገልጋዩ የሚያየውን ቅጽ ወይም ዝርዝር የሚያዘጋጅ ፋይል ነው። በውስጡ የገጹ አቀማመጥና ከመረጃ ቋት የሚመጣውን መረጃ በየቦታው የሚያስገባ ኮድ ተቀላቅለው ይገኛሉ።

3. ስህተቱ ሳይታይ እንዴት ያልፋል?

በብዙ ቴክኖሎጂዎች የአንድ መተግበሪያ ኮድ በሁለት የተለያዩ ጊዜያት ኮምፓይል ይደረጋል። የመጀመሪያው ክፍል፣ ማለትም ስሌቱንና ከመረጃ ቋት ጋር የሚደረገውን ግንኙነት የሚያከናውነው ኮድ፣ በቢልድ ወቅት ኮምፓይል ይደረጋል። በዚህ ክፍል ስህተት ካለ ቢልዱ ስለሚቋረጥ ባለሙያው ወዲያውኑ ያውቀዋል። ሁለተኛው ክፍል፣ ማለትም ገጾቹ፣ እንዳሉ ወደ ሰርቨር ይገለበጡና እያንዳንዱ ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ሲከፈት በዚያው ቅጽበት ኮምፓይል ይደረጋል።

የዚህ አሠራር ጠቀሜታ ገጾችን በፍጥነት ለማሻሻል ማስቻሉ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ቢልዱ "ያለ ስህተት ተጠናቋል" የሚል ውጤት ቢሰጥም ውጤቱ ገጾቹን የማይጨምር መሆኑ ነው። ለምሳሌ አንድ ባለሙያ በዋናው ኮድ ውስጥ "የልደት ቀን" የሚያመለክተውን ስም ቢለውጥና አርባ ገጾች ያንኑ ስም የሚጠቀሙ ቢሆኑ፣ ሠላሳ ዘጠኙን አስተካክሎ አንዱን ቢረሳ ቢልዱ አይቃወመውም። ገጹ ዘወትር የሚከፈት ከሆነ ስህተቱ በዕለቱ ይታወቃል። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈት የእድሳት ወይም የይግባኝ ቅጽ ከሆነ ግን ስህተቱ ለወራት ተደብቆ ይቆይና ቅጹ በሚያስፈልግበት ዕለት ይገለጣል።

4. ዝርዝር ጉዳይ፦ ኤኤስፒ ዶት ኔት

የማይክሮሶፍት ቴክኖሎጂ የሆነው ኤኤስፒ ዶት ኔት እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የተደረገ ሲሆን፣ በተራ ቁጥር 3 የተገለጸው ሁኔታ በግልጽ የሚታይበት ነው።

4.1 በቀድሞዎቹ ስሪቶች

በዚህ ቴክኖሎጂ ገጹ መጀመሪያ ሲጠየቅ ሰርቨሩ ፋይሉን አንብቦ ወደ ሲ ሻርፕ ወይም ወደ ቪዥዋል ቤዚክ ኮድ ይቀይረዋል፤ ኮምፓይል ያደርገዋል፤ ውጤቱንም በጊዜያዊ ፎልደር ያስቀምጣል። ኮምፓይል ማድረጉ ካልተሳካ ተገልጋዩ ቁጥር 500 የሆነውን የሰርቨር ስህተት ያገኛል።

ይህንን ለመከላከል ከቴክኖሎጂው ጋር አብሮ የሚመጣ፣ "ኤኤስፒኔት ኮምፓይለር" የተባለ መሣሪያ አለ። መሣሪያው የመተግበሪያው ፎልደር ሲሰጠው ገጾቹን አንድ በአንድ ኮምፓይል ያደርጋል፤ ስህተት ካገኘም የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር ጠቅሶ ሥራውን በስህተት ይዘጋል። ከቢልዱ በኋላ እንደ ተጨማሪ እርምጃ እንዲሠራ ከታዘዘ ገጾቹም እንደ ሌላው ኮድ የቢልዱ አካል ይሆናሉ።

4.2 በኤምቪሲ ፕሮጀክቶች

እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ኤኤስፒ ዶት ኔት ኤምቪሲ የፕሮጀክት ፋይል ውስጥ "ኤምቪሲ ቢልድ ቪውስ" የሚል ቅንብር ተካቷል። ይህ ቅንብር ሲበራ ከላይ የተጠቀሰው መሣሪያ ከእያንዳንዱ ቢልድ በኋላ ራሱ ይነሣል። ይሁን እንጂ ቅንብሩ ሲመጣ ጠፍቶ ነው፤ በቪዥዋል ስቱዲዮ የቅንብር መስኮቶችም ውስጥ አይገኝም። ባለሙያው የፕሮጀክት ፋይሉን እንደ ጽሑፍ ከፍቶ ዋጋውን በእጁ መለወጥ ይኖርበታል። በመሆኑም ቅንብሩ መኖሩን ሳያውቁ ለዓመታት የሚሠሩ ባለሙያዎች መኖራቸው የሚያስገርም አይደለም።

ፍተሻው ሁሉንም ገጾች ስለሚያልፍ ቢልዱን ያዘገያል። ስለዚህ የተለመደው አሠራር ባለሙያው በየደቂቃው በሚያካሂደው የሙከራ ቢልድ ላይ ማጥፋትና ለአገልግሎት በሚወጣው ቢልድ ላይ ማብራት ነው።

4.3 በተደጋጋሚ የሚያጋጥም እንቅፋት

ቅንብሩ በርቶ ሳለ ቢልዱ አልፎ አልፎ ከገጾቹ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የሚመስል መልእክት ይሰጣል፤ የመልእክቱ ፍሬ ነገር አንድ የቅንብር ክፍል ከመተግበሪያው ዋና ፎልደር ውጭ ተቀምጦ ተገኝቷል የሚል ነው። ምክንያቱ ቀደም ሲል ጥቅል ሲዘጋጅ የመተግበሪያው የቅንብር ፋይል ቅጂ በፕሮጀክቱ ጊዜያዊ የሥራ ፎልደር ውስጥ መቅረቱ ነው። የፍተሻ መሣሪያው ንዑስ ፎልደሮችን ሲያስስ ቅጂውን ስለሚያገኘው ይቃወማል። መፍትሔው ከፍተሻው በፊት ጊዜያዊውን ፎልደር ማጽዳት ወይም ፎልደሩን ከፕሮጀክቱ ውጭ ማድረግ ነው። ፍተሻውን ማጥፋት ግን መፍትሔ አይደለም።

4.4 በአዲሶቹ ስሪቶች

ኤኤስፒ ዶት ኔት ኮር ከስሪት 2.1 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ፣ ሬዘር የተባሉትን ገጾች ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ በቢልድ ወቅት ኮምፓይል ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ስሪት 3.0 ደግሞ ገጾችን በሥራ ላይ እያሉ ኮምፓይል የማድረግ ችሎታ ከመሠረታዊው ጥቅል ወጥቶ ለፈለገ ብቻ የሚጨመር ሆኗል። በዚህም ቀድሞ በምርጫ ይበራ የነበረው ፍተሻ መደበኛ አሠራር ሆኗል። ነገር ግን በቀድሞዎቹ ስሪቶች ተሠርተው ዛሬም አገልግሎት በመስጠት ላይ ያሉ መተግበሪያዎች ቅንብሩ በእጅ ካልበራላቸው የፍተሻው ተጠቃሚ አይሆኑም።

5. በሌሎች ቴክኖሎጂዎች

በጃቫ፦ የጄኤስፒ ገጾችም በመጀመሪያ ሲከፈቱ ወደ ጃቫ ኮድ ተለውጠው ኮምፓይል ይደረጋሉ። በቶምካት ሰርቨር ይህንን የሚያከናውነው ጃስፐር የተባለው ክፍል ሲሆን፣ ገጾቹን አስቀድሞ በቢልድ ወቅት ኮምፓይል ለማድረግ የሚያስችል መሣሪያ አብሮት ይገኛል።

በፒኤችፒ፦ ከሥራ በፊት የሚከናወን የተለየ የኮምፓይል ደረጃ የለም። ሆኖም ቋንቋው ራሱ የእያንዳንዱን ፋይል ሰዋስው የሚፈትሽ ትእዛዝ አለው። ትእዛዙ ያልተዘጋ ቅንፍን ይይዛል፤ የሌለ ፈንክሽን መጠራቱን ግን አይነግርም። ለዚህ ኮዱን ሳያስኬዱ የሚመረምሩ ተጨማሪ መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ።

በአንጉላር፦ ገጾቹ የሚሠሩት በተገልጋዩ ብራውዘር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ስሪት 9 ጀምሮ የገጽ ቴምፕሌቶች አስቀድመው በቢልድ ወቅት ኮምፓይል መደረጋቸው መደበኛ አሠራር ሆኗል። የቴምፕሌቶችን የመረጃ ዓይነት በጥብቅ የሚፈትሽ ቅንብርም አለ፤ ይህም እንዲበራ ይመከራል።

6. ፍተሻው የማይደርስባቸው ስህተቶች

በቢልድ ወቅት የሚደረግ ፍተሻ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም። የሚከተሉትን አይዝም፦

ሀ) በጽሑፍ መልክ የተሰጡ ስሞች። አንድ ገጽ መረጃውን የሚያገኘው ዓይነቱ በግልጽ ከተነገረ ሞዴል ከሆነ ኮምፓይለሩ ስሞቹን ያመሳክራል። መረጃው "ቪውባግ" በተባለው ልቅ መያዣ ወይም በጽሑፍ ቁልፍ አማካይነት የሚተላለፍ ከሆነ ግን ስሙ ቢሳሳትም ኮምፓይለሩ ያልፈዋል። ስለዚህ ፍተሻው ጥቅም እንዲሰጥ ገጾች ዓይነቱ የታወቀ ሞዴል እንዲጠቀሙ ማድረግ ያስፈልጋል።

ለ) የመረጃ ጉድለቶች። የአያት ስም ያላስገባ አመልካች መዝገብ ሲከፈት የሚፈጠር ስህተት የሚታወቀው ገጹ ሲሠራ ብቻ ነው።

ሐ) የመረጃ ቋት ለውጦች። በመረጃ ቋቱ ውስጥ አንድ አምድ ቢሰረዝ የመተግበሪያው ቢልድ ሊያውቀው የሚችልበት መንገድ አብዛኛውን ጊዜ የለም።

መ) የአሠራር ስህተቶች። ክፍያን በስህተት የሚያሰላ ገጽ ያለ ምንም ተቃውሞ ኮምፓይል ይደረጋል።

ለእነዚህ ራሱን የቻለ የሙከራ ሥራ ያስፈልጋል። ቢያንስ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ሁሉንም ዋና ዋና ገጾች ከፍቶ መልስ መስጠታቸውን የሚያረጋግጥ አጭር የማሽን ሙከራ እንዲኖር ይመከራል።

7. በአማርኛ ለተዘጋጁ ገጾች የሚደረግ ጥንቃቄ

በአማርኛና በግእዝ ፊደል በሚጻፉ ሌሎች ቋንቋዎች በተዘጋጁ ገጾች ላይ የሚከተሉት ነጥቦች ልብ ሊባሉ ይገባል።

የሥርዓተ ነጥብ መቀላቀል፦ ባለሙያው የገጹን የአማርኛ ጽሑፍ ጽፎ ወደ ኮድ ሲመለስ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ሳይመልስ ቢቀር፣ የኮድ መስመር መዝጊያ በሚገባበት ቦታ "፤" ሊገባ ይችላል። ምልክቱ በዓይን ሲታይ ተቀራራቢ ቢሆንም ለኮምፓይለሩ ባዕድ ነው። ይህ የኮምፓይል ስህተት ስለሆነ ፍተሻው ይይዘዋል።

ሞክሼ ፊደላት፦ ሲ ሻርፕና ጃቫ በግእዝ ፊደል የተጻፉ ስሞችን ይቀበላሉ። ይሁን እንጂ "ስም" እና "ሥም"፣ "ሀገር" እና "አገር" ለአንባቢ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት ናቸው። በሞዴል ስምነት ከዋሉ ፍተሻው ልዩነቱን ያሳያል፤ በጽሑፍ ቁልፍነት ከዋሉ ግን ያመልጠዋል። በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ አንድ የፊደል አጠቃቀም መወሰን ይገባል።

የፊደል አቀማመጥ፦ የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ስሪት 3.0 ተካቷል። የገጹ ፋይል ዩኒኮድ ባልሆነ መልክ ከተቀመጠ ፊደላቱ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣሉ። የጥያቄ ምልክት በጽሑፍ ውስጥ መኖሩ ሕግ ስለማይጥስ ቢልዱ ይሳካል፤ ገጹ ግን አይነበብም። በተጨማሪም መደበኛዎቹ የግእዝ ፊደላት በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ስለሚወስዱ፣ በባይት ተለክቶ 30 የተመደበለት የመረጃ ቋት አምድ የሚይዘው አሥር ፊደላትን ብቻ ነው። እነዚህ ሁለቱ በሰው ዓይንና በሙከራ እንጂ በቢልድ ፍተሻ አይገኙም።

8. መተግበሪያ በሚያሠሩ ወገኖች መጠየቅ ያለባቸው ነጥቦች

መተግበሪያ የሚያሠራ ተቋም ወይም ድርጅት የቴክኒክ ባለሙያ ባይኖረውም፣ ከርክክብ በፊት የሚከተሉትን ማረጋገጥ ይችላል።

1ኛ. ሁሉም ገጾች በቢልድ ወቅት ኮምፓይል የሚደረጉ መሆናቸው በውሉ ላይ እንዲሰፍር ማድረግ።

2ኛ. ፍተሻው በአንድ ባለሙያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሳይሆን ቢልድ በሚዘጋጅበት የጋራ ሰርቨር ላይ እንዲከናወንና ቢልዱ ካልተሳካ ጥቅሉ ወደ አገልግሎት እንዳይወጣ መደረጉን ማረጋገጥ።

3ኛ. ፍተሻው በእርግጥ መኖሩን በተግባር ማየት። ለዚህም ባለሙያው በሙከራ ቅጂ ላይ ከማይዘወተሩት ገጾች አንዱን ከፍቶ የሌለ ስም እንዲጽፍ ይጠየቃል። ቢልዱ ያንን ገጽና መስመር ጠቅሶ መቋረጥ አለበት። ቢልዱ "ተሳክቷል" ካለ ፍተሻው የለም ማለት ነው። ይህ ሙከራ ጥቂት ደቂቃዎችን ብቻ የሚፈልግ ሲሆን ከማንኛውም የጽሑፍ ማረጋገጫ የተሻለ ማስረጃ ነው።

4ኛ. በሥራ ላይ ባለ ሰርቨር ውስጥ ገብቶ ገጾችን በቀጥታ ማረም መከልከሉን ማረጋገጥ። በዚህ መንገድ የሚደረግ ለውጥ ቢልዱን ስለማያልፍ የትኛውም ፍተሻ አያገኘውም።

5ኛ. ለተገልጋዩ የሚታየው የስህተት ገጽ በሚረዳው ቋንቋ የተጻፈ፣ የመተግበሪያውን ኮድ የማያሳይና ቅሬታ የሚቀርብበትን አድራሻ የያዘ መሆኑን ማረጋገጥ።

9. የስህተት መልእክት ለሚያጋጥማቸው ተገልጋዮች

ተገልጋዮች በኢንተርኔት አገልግሎት ላይ ሳሉ ገጹ ካልከፈተላቸው የመልእክቱን ቁጥር መመልከት ይጠቅማቸዋል።

ቁጥር 404፦ የተጠየቀው አድራሻ በሰርቨሩ ላይ የለም። አድራሻው በትክክል መጻፉን ያረጋግጡ።

ቁጥር 500፦ ጥያቄዎ ሰርቨሩ ዘንድ ደርሷል፤ ስህተቱ ግን በሰርቨሩ በኩል ነው። ስልክዎ ወይም ኮምፒውተርዎ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። መንስኤው የኮምፓይል ስህተት ከሆነ ገጹን ደጋግሞ መክፈትም ሆነ ብራውዘር መቀየር ለውጥ አያመጣም፤ ባለሙያው እስኪያርመው ድረስ ገጹ ለማንም አይከፈትም።

ቁጥር 503፦ አገልግሎቱ ለጊዜው ተቋርጧል ወይም ሰርቨሩ ተጨናንቋል። ከጥቂት ቆይታ በኋላ እንደገና ይሞክሩ።

ቁጥር 500 ሲያጋጥምዎ የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ ይመከራል፦

ሀ) የገጹን አድራሻ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዝግቡ፤ የገጹንም ምስል ያስቀሩ። የይለፍ ቃልዎ በምስሉ ላይ አለመታየቱን ያረጋግጡ።
ለ) ስህተቱ የታየው ክፍያ ከፈጸሙ በኋላ ከሆነ፣ ክፍያው መድረሱን ከባንክዎ ወይም ከከፈሉበት አገልግሎት ሳያረጋግጡ ደግመው አይክፈሉ።
ሐ) አገልግሎቱን ለሚሰጠው ተቋም በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የማመልከቻዎንም ቅጂ ይያዙ። የማመልከቻ ጊዜ የሚያበቃ ከሆነ ይህ ማስረጃ በወቅቱ ለማመልከት መሞከርዎን ያሳያል።
መ) ሌሎች ተገልጋዮች በተመሳሳይ ገጽ ላይ ተመሳሳይ ችግር ካጋጠማቸው ይህንኑ ይግለጹ። ችግሩ የገጹ መሆኑን ከአንድ መዝገብ ችግር ለመለየት ባለሙያውን ይረዳዋል።

10. ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ፍተሻው የመተግበሪያውን ፍጥነት ይቀንሳል?
መልስ፦ አይቀንስም። የሚጨምረው የቢልዱን ጊዜ ነው። ገጾቹ አስቀድመው ኮምፓይል ሆነው ወደ ሰርቨር ከተላኩ፣ ገጹን መጀመሪያ የሚከፍተው ተገልጋይ ይጠብቅ የነበረው ጊዜም ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ከዚህ በፊት ፍተሻ ያልነበረው ነባር መተግበሪያ ላይ ማብራት ይቻላል?
መልስ፦ ይቻላል። ፍተሻው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈቱ ገጾች ስህተት ሊያሳዩ ይችላሉ። ፍተሻው ስህተቶቹን አልፈጠራቸውም፤ ቀድሞውንም የነበሩ ናቸው። የሚያስፈልጉት ገጾች ይታረሙ፤ የማያስፈልጉት ከፕሮጀክቱ ይወገዱ።

ጥያቄ፦ ፍተሻው ያለፈ መተግበሪያ ስህተት የለበትም ማለት ነው?
መልስ፦ አይደለም። የፍተሻው ትርጉም ገጾቹ ሊከፈቱ የሚያስችል ኮድ የያዙ መሆናቸው ብቻ ነው። ገጹ ትክክለኛ ሥራ መሥራቱ በተራ ቁጥር 6 እንደተገለጸው በሌላ ሙከራ ይረጋገጣል።